ቨርጂኒያ ለምን የጦር ሜዳ ሆነች?

ጥያቄው ከአንዲት እናት የመጣ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ማናሳስ ቤት ገዝተን ከገባን ወዲህ በሄድንበት ሁሉ የጦርነት ምልክት ነው የምናየው። መድፍ አለ፣ ሐውልት አለ፣ በየመንገዱ ዳር ሰሌዳ አለ። አምስተኛ ክፍል የሆነችው ልጄ ‹ሁሉም ለምን እዚህ መጥተው ተዋጉ?› ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ። የት ብወስዳት እንደሚሻልም ንገሩኝ።»

እህቴ፣ ልጅዎ የጀመረችው ከትክክለኛው ቦታ ነው። ብዙ ሰው የጄኔራሎችን ስም ይሸመድድና ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ያልፋል። የአሜሪካን የጦርነት ታሪክ ማስተማር ሥራዬ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምልክቶቹ በአብዛኛው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ናቸው። አጭሩ መልስ ሁለት ዋና ከተሞች ጎረቤት ሆነው መገኘታቸው ነው። በ1860 መጨረሻና በ1861 መጀመሪያ የደቡብ ስቴቶች ባርነትን ለማስጠበቅ ከአሜሪካ ተገንጥለው ኮንፌዴሬሽን የሚባል የራሳቸውን መንግሥት አቋቋሙ። መጀመሪያ መቀመጫቸው አላባማ ውስጥ ሞንትጎመሪ ነበር። ቨርጂኒያ ኤፕሪል 17 ቀን 1861 ለመገንጠል ስትወስን ግን ሳይውል ሳያድር፣ በሚቀጥለው ወር፣ መንግሥታቸውን ወደ ሪችመንድ አዛወሩ። ሪችመንድ ከዋሽንግተን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ መንገዱ ካልተዘጋጋ በአይ 95 አውራ ጎዳና ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። እንግዲህ አራት ዓመት ሙሉ የሰሜኑ፣ ማለት የአሜሪካ መንግሥት ጦር ሪችመንድን ለመያዝ፣ የደቡቡ ጦር ሪችመንድን ለመከላከልና ዋሽንግተንን ለማስፈራራት እዚህ መሀል ሲተራመስ ኖረ። የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሽን የእርስ በርስ ጦርነቱ ዋና ዋና ውጊያዎች ብሎ ከመዘገባቸው 384 ውጊያዎች ሲሶው ያህል የተካሄደው በዚህች አንዲት ስቴት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ሰፈር ልምጣ። ማናሳስ ያኔ ከተማ ሊባል የማይችል ቦታ ነበር። ዋጋ ያሰጠው የባቡር ሐዲድ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ደቡብ የሚወርደው ሐዲድና ከሸናንዶዋ ሸለቆ የሚመጣው ሐዲድ የሚገናኙት እዚያ ነበር። ማናሳስን የያዘ ጦር ስንቁንም ሰዉንም እንደ ልቡ ያመላልሳል። ለዚህ ነው ጁላይ 21 ቀን 1861 የጦርነቱ የመጀመሪያ ትልቅ ውጊያ እዚያ የተካሄደው። ከዋሽንግተን የምክር ቤት አባላትና ሌሎች ሰዎች ምሳቸውን ቋጥረው፣ በሠረገላ ተሳፍረው ውጊያ ለማየት ሴንተርቪል ድረስ መጥተው ነበር። ነገሩ በአንድ ቀን የሚያልቅ መስሏቸዋል። ጠዋት ሰሜኖቹ ያሸነፉ መሰሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ከሸለቆው በባቡር የመጣ የደቡብ ጦር ደረሰና ውጊያው ተገለበጠ። ባቡር ወታደርን በቀጥታ ወደ ውጊያ ካደረሰባቸው የመጀመሪያዎቹ አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው። የሰሜኑ ጦር እግሬ አውጪኝ ብሎ ከተመልካቹ ሠረገላ ጋር ተጋፍቶ ወደ ዋሽንግተን ሸሸ።

በዚያ ቀን ውጊያው ከጦፈበት ኮረብታ ላይ አንድ ቤት ነበር። በውስጡ ጁዲት ሄንሪ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ፣ ከአልጋ የማይነሱ ባል የሞተባቸው ሴት ተኝተዋል። የሰሜን መድፈኞች ተኳሾች ቤቱ ውስጥ ተሸሽገዋል ብለው ደበደቡት። ሴትዮዋ በመድፍ ጥይት ቆስለው ሞቱ። ኮረብታው ዛሬም በቤተሰባቸው ስም ሄንሪ ሂል ይባላል። መቃብራቸው በኋላ እንደ አዲስ ከተሠራው ቤት አጠገብ ነው። ልጅዎን ወደዚያ ከወሰዷት እዚያ ካለው ከደቡቡ ጄኔራል ጃክሰን የፈረስ ሐውልት በፊት መቃብሩን ያሳዩአት። ጦርነት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የማንን በር እንደሆነ የሚያሳይ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በዓመቱ፣ ኦገስት 1862 መጨረሻ ላይ፣ ሁለቱ ጦሮች እዚያው ሜዳ ላይ እንደገና ገጠሙ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለቱም ወገን የሞተው፣ የቆሰለውና የተማረከው ተደምሮ 22,000 ያህል ነው። በ2014 የጦር ሜዳው ዛሬ በሆነው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የመሠረተ ልማት ሥራ ሲቆፈር አጥንት ወጣ። ባለሙያዎች መርምረው የሁለት ወታደሮች አፅምና 11 የተቆረጡ የእጅና የእግር አጥንቶች አገኙ። የጦር ሜዳ ሐኪም የቆረጠውን የጣለበት ጉድጓድ ነበር። ከሁለቱ ወታደሮች የአንዱ ጭን አጥንት ውስጥ ጥይቱ እንደተሰነቀረ ነው። ሁለቱም በ2018 አርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ተቀበሩ፤ የሬሳ ሣጥናቸው የተሠራው ከዚያው ከጦር ሜዳው በወደቀ ዛፍ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፦ ሰሜኖቹ ውጊያን በአቅራቢያው ባለ ወንዝ፣ ደቡቦቹ በአቅራቢያው ባለ ከተማ መሰየም ያዘወትሩ ነበር። ስለዚህ አንዱ ሰሌዳ ቡል ረን፣ ሌላው ማናሳስ ቢል ግራ አይጋቡ። አንድ ውጊያ ነው።

ታዲያ 160 ኪሎ ሜትር ለመሄድ አራት ዓመት ለምን ፈጀ? ካርታ አውጥተው ከልጅዎ ጋር ይዩት። የቨርጂኒያ ወንዞች ከምዕራብ ተነስተው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው የሚፈሱት። ከዋሽንግተን ወደ ሪችመንድ የሚወርድ ጦር ራፓሃኖክን፣ ራፒዳንን፣ ኖርዝ አናን፣ ፓመንኪን፣ ቺካሆሚኒን እየተሻገረ ነው የሚሄደው። አባይ በረሃን ወርዶ የወጣ ሰው ወንዝ ጦርን እንዴት እንደሚያስር ለመገመት አይቸግረውም። ድልድዩ ተቃጥሏል። መልካው ይጠበቃል። ከማዶ ከፍታው ላይ ጠላት መድፉን ጠምዶ ይጠብቃል።

ፍሬድሪክስበርግ ላይ የሆነው ይኸው ነው። በኖቬምበር 1862 የሰሜኑ ጄኔራል በርንሳይድ ከ100,000 በላይ ሰው ይዞ ራፓሃኖክ ዳር ደረሰ። ያን ጊዜ ከማዶ የነበረው የደቡብ ጦር ትንሽ ነበር። ግን ለተንሳፋፊ ድልድይ የሚሆኑት ጀልባዎች በቢሮክራሲ ሰበብ ዘገዩ። ጀልባ ሲጠበቅ የደቡቡ አዛዥ ጄኔራል ሊ ጦሩን ሰብስቦ ከከተማው ጀርባ ያለውን ኮረብታ ያዘ። ዲሴምበር 13 ቀን ሰሜኖቹ ገላጣ ሜዳ ላይ ወጥተው ወደ ኮረብታው ተንቀሳቀሱ። ከኮረብታው ግርጌ ጎድጎድ ያለ መንገድ አለ፤ በመንገዱ ጠርዝ የድንጋይ ካብ አለ። የደቡብ ወታደሮች ከካቡ ጀርባ በበርካታ ረድፍ ቆመው፣ የፊቱ ሲተኩስ የኋላው እያጎረሰ ያቀብላል። ከቀትር እስከ ምሽት ብርጌድ በብርጌድ ላይ እየተላከ አለቀ። ካቡን የነካ አንድም የሰሜን ወታደር አልነበረም። በዚያ ውጊያ ሰሜኖቹ ከ12,000 በላይ፣ ደቡቦቹ 5,000 ያህል ሰው ሞቶ፣ ቆስሎና ጠፍቶባቸዋል። ቁስለኛው ሌሊቱን በብርድ ሜዳ ላይ አደረ። ከካቡ ዋናው የተወሰነ ክፍል አሁንም አለ። እዚያ መንገድ ላይ ቆመው ሜዳውን ሲያዩ የሆነውን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግዎትም።

ምዕራቡን ያዩ እንደሆነ ደግሞ የሸናንዶዋ ሸለቆ አለ። ስንዴ የሚታፈስበት ለም አገር ነው፤ የደቡብ ጦር ጎተራ ነበር። አቅጣጫውም ለደቡቦቹ ያደላ ነው። ሸለቆውን ተከትሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄድ ጦር ዋሽንግተን ጀርባ ይወጣል። ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄድ የሰሜን ጦር ግን ከሪችመንድ እየራቀ ነው የሚሄደው። የሸለቆው በር ዊንቸስተር በአራት ዓመት ውስጥ ከ70 ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች ይባላል። በ1864 መኸር የሰሜኑ ጄኔራል ሸሪዳን ጎተራውንም ወፍጮውንም አቃጥሎ ነው ሸለቆውን ከጦርነት ያስወጣው።

ቻንስለርስቪልን፣ ብራንዲ ስቴሽንን፣ የሰባቱን ቀናት ውጊያዎች በዝርዝር አልሄድባቸውም፤ አንዱ ካንዱ ስለሚመሳሰል አምስተኛ ክፍል ላለች ልጅ ያደክማል። በ1864 የሆነውን ግን መዝለል አይቻልም። እስከዚያ ድረስ የሰሜን ጄኔራሎች አንድ ውጊያ ሲሸነፉ ወደ ኋላ እየተመለሱ ያገግሙ ነበር። አዲሱ የሰሜን አዛዥ ጄኔራል ግራንት መጥቶ ይህን ልማድ ሰበረ። ሜይ 5 እና 6 ዊልደርነስ በሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ተዋጉ። ጫካው በተኩሱ ተቀጣጠለና መንቀሳቀስ ያቃታቸው ቁስለኞች በእሳቱ አለቁ። በማግስቱ ጦሩ መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ ወደ ዋሽንግተን ሳይሆን ወደ ደቡብ ታጠፈ። ወታደሮቹ ያን ሌሊት በጨለማ ውስጥ እልል አሉ ይባላል። ከዚያ ስፖትሲልቬኒያ፣ ቀጥሎ ኮልድ ሃርበር። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሰሜኖቹ ብቻ 55,000 ያህል ሰው ሞቶ፣ ቆስሎና ተማርኮባቸዋል። ቀጥሎ ከዘጠኝ ወር በላይ የፈጀው የፒተርስበርግ ከበባ መጣ። ኤፕሪል 3 ቀን 1865 ሪችመንድ ወደቀች። በስድስተኛው ቀን ሊ አፖማቶክስ ላይ እጁን ሰጠ።

እስካሁን ያልኩት ለምን *እዚህ* ተዋጉ ለሚለው መልስ ነው። ዋና ከተማ፣ ወንዝ፣ ሐዲድ። ልጅዎ ግን ቀጥላ ስለ ምን ተዋጉ ማለቷ አይቀርም። የኔ ልብ ያለውም እዚያ ነው። ጦርነቱ ስለ ስቴቶች መብት ነበር የሚል ሰው ትሰማለች። የትኛው መብት ብላ ትጠይቅ። የኮንፌዴሬሽኑ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲፈንስ በማርች 1861 ባደረገው ንግግር የአዲሱ መንግሥታቸው የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አይደለም የሚለው እምነትና ባርነት መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ለዚህ ማስረጃ ከነሱ አፍ በላይ አያስፈልግም።

በቨርጂኒያ ጦርነት ሲነሳ በባርነት የተያዙት ሰዎች ቁጭ ብለው የጠበቁበት ጊዜ የለም። ነገሩ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በጣም ይቀድማል። በኖቬምበር 1775፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ለመላቀቅ ስትነሳ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ የሾመው የቨርጂኒያ ገዥ ሎርድ ደንሞር አዋጅ አወጣ። የአመፀኞች ባሪያ የሆነና መሣሪያ መያዝ የሚችል ከንጉሡ ጦር ቢቀላቀል ነፃ ነው አለ። በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጀልባም በእግርም አምልጠው ሄዱ። ደንሞር ያቋቋመላቸውም ክፍለ ጦር የኢትዮጵያ ሬጅመንት ተባለ። ስሙን አይቶ የኛ ሰዎች ናቸው ብሎ የሚያስብ አይጠፋም፤ አልነበሩም። በዚያ ዘመን ፈረንጆች ጥቁርን ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። እነዚህ ሰዎች ወይ እዚሁ የተወለዱ፣ ወይ ባብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ተሸጠው የመጡ ናቸው። ልብሳቸው ላይ «ነፃነት ለባሪያዎች» የሚል ተጽፎ እንደነበር ተመዝግቧል። ዲሴምበር 9 ቀን ግሬት ብሪጅ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል በፈጀ ውጊያ የደንሞር ጦር ክፉኛ ተመታና ወደ መርከብ ሸሸ። ከጥይት ይልቅ የፈጃቸው ግን ፈንጣጣ ነው። በ1776 ግዊን በምትባል ደሴት ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩት በበሽታ አለቁ። ደንሞርም ቢሆን የሰው ልጅ አዝኖለት አልነበረም፤ የራሱን ባሪያዎች ነፃ አላወጣም።

በዚያ ጊዜ ካመለጡት አንዱ ሃሪ ዋሽንግተን ነው። አፍሪካ የተወለደ፣ ማውንት ቨርነን ውስጥ የጆርጅ ዋሽንግተን ባሪያ የነበረ ሰው ነው። በ1776 አምልጦ ከእንግሊዝ ወገን ተሰለፈ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኖቫ ስኮሺያ ሄደ፣ ከዚያም በ1792 ወደ ሴራሊዮን ተሻገረ። ጌታው በ1781 ዮርክታውን ላይ በፈረንሳይ መርከቦች ታግዞ ከ7,000 በላይ የእንግሊዝ ወታደር ሲማርክ፣ ሃሪ በሌላኛው ወገን ነበር። ማውንት ቨርነን ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ቅርብ ነው። ሲሄዱ ስለ እሱም ይጠይቁ።

ከ85 ዓመት በኋላ ያው ነገር ተደገመ። በሜይ 1861 ፍራንክ ቤከር፣ ጄምስ ታውንሴንድና ሼፐርድ ማሎሪ የሚባሉ ሦስት ሰዎች የደቡቦቹን ምሽግ እንዲቆፍሩ ተመድበው ሳለ ሌሊት በጀልባ አምልጠው ሃምፕተን ያለው ፎርት ሞንሮ ደረሱ። ምሽጉ በሰሜን ጦር እጅ ነበር። ባለቤታቸው መልእክተኛ ልኮ በሕጉ መሠረት ይመለሱልኝ አለ። አዛዡ ጄኔራል በትለር በሙያው ጠበቃ ነው። እናንተ ሌላ አገር ነን ብላችሁ የለ እንዴ፣ ታዲያ የአሜሪካ ሕግ ምን አገባችሁ የሚል መልስ ሰጠ። ሰዎቹን ከጠላት የተወረሰ ንብረት ናቸው ብሎ አስቀራቸው። ንብረት መባላቸው ያስከፋል። ወሬው በየእርሻው ሲዳረስ ግን ሰው በሺዎች ይጎርፍ ጀመር። ፕሬዚዳንት ሊንከን የባሪያዎችን ነፃነት አዋጅ ያወጣው በጃንዋሪ 1863 ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች ጄኔራሎቹንና ፖለቲከኞቹን ቀድመዋቸዋል። ምሽጉ የቆመው ደግሞ በ1619 የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን በእንግሊዞች ቨርጂኒያ ከወረዱበት ቦታ ላይ ነው።

ጥቁሮች የሰሜን ወታደር ሆነው መዋጋት ከጀመሩ በኋላ ብዙውን መከራ የቀመሱት እዚሁ ነው። ጁላይ 30 ቀን 1864 ፒተርስበርግ ላይ የፔንሲልቬኒያ ከሰል ቆፋሪዎች በጠላት ምሽግ ሥር ዋሻ ቆፍረው 3,600 ኪሎ ያህል ባሩድ አፈነዱ። ጥቃቱን እንዲመራ የሠለጠነው የጥቁሮች ክፍለ ጦር ነበር። አንድ ቀን ሲቀረው ትእዛዙ ተቀየረና ያልሠለጠነ የነጮች ክፍለ ጦር ቀደመ። ያ ጦር ፍንዳታው የፈጠረውን ጉድጓድ በዳር በዳር ማለፍ ሲገባው ውስጡ ገባ። ጥቁሮቹ የተላኩት ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። እጃቸውን ከሰጡ በኋላ የተገደሉ ብዙ ናቸው። በሁለት ወሩ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን፣ ኒው ማርኬት ሃይትስ ላይ ሌሎች ጥቁር ወታደሮች ረግረግና የተሳለ እንጨት አልፈው ምሽግ ሰበሩ። በዚያ አንድ ቀን ለፈጸሙት ጀግንነት 14 ጥቁር ወታደሮች የአሜሪካን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸለሙ። ሪችመንድ ስትወድቅ ቀድመው ከገቡት ውስጥም ጥቁር ወታደሮች ነበሩ።

ይህን ሁሉ ዘመን ሰሌዳና ሐውልት ሲተከል የነሱ ታሪክ ጠርዝ ላይ ነበር። አሁን እየተለወጠ ነው። አርሊንግተን ውስጥ ሊ ሃይዌይ ይባል የነበረው መንገድ በ2021 በጥቁሩ የቨርጂኒያ የምክር ቤት አባል ስም ላንግስተን ቡለቫርድ ሆኗል። ስፕሪንግፊልድ ያለው የሮበርት ሊ ትምህርት ቤትም በ2020 በጥቁሮች መብት ታጋዩ ስም ጆን ሉዊስ ተብሏል። ብዙ የኛ ልጆች በነዚህ መንገዶች የሚመላለሱ ስለሆነ ምክንያቱን ማወቃቸው ተገቢ ነው።

የት ልውሰዳት ላሉት፣ መጀመሪያ እዚያው ሰፈራችሁ ያለው የማናሳስ ፓርክ ይበቃል። መግቢያ አያስከፍልም። ሄንሪ ሂልን ዙሩ፣ ከዚያ ድንጋይ ቤቱን እዩ፤ በሁለቱም ውጊያዎች ቁስለኛ የገባበት ነው። ሁለተኛ ፍሬድሪክስበርግ ሂዱና ካቡ ያለበትን መንገድ በእግር ሂዱ። ረጅም ጉዞ ከቻላችሁ ፎርት ሞንሮ።

አሌክሳንድሪያ ለገበያም ለዘመድም መሄዳችሁ ስለማይቀር የፍሪድመን መቃብርን አትለፉት። ከባርነት አምልጠው ከተማዋ ውስጥ በበሽታና በችግር የሞቱ 1,700 ያህል ሰዎች ተቀብረውበታል፤ በኋላ ተረስቶ ነዳጅ ማደያ ተሠርቶበት ነበር፣ በ2014 የመታሰቢያ ቦታ ሆኖ ተከፈተ። በዲሴምበር 1864 ጥቁር ወታደሮችም እዚያ ሲቀበሩ፣ ሆስፒታል የተኙ 443 ጓደኞቻቸው ፊርማ አሰባስበው ወታደር ከወታደር ጋር ይቀበር ብለው አቤት አሉ። ተሰሙ። አስከሬኖቹ ወደ ወታደሮቹ መቃብር ተዛወሩ። መቃብራቸውን አሌክሳንድሪያ ብሔራዊ መቃብር ታገኙታላችሁ።

በየብሔራዊ ፓርኩ እንግዳ መቀበያ ቤት ሲገቡ ለልጅዎ የጁኒየር ሬንጀር መጽሐፍ ይጠይቁላት። እየዞረች ጥያቄዎቹን ሞልታ ስትመልስ ባጅ ይሰጧታል። ሬንጀሮቹን አትፈሩ፤ ጥያቄ ይወዳሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ከጦር ሜዳው መሬት ጥይትም ይሁን የዝገት ቁራጭ ብታገኙ እንዳታነሱ። ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ መግባትም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ያገኛችሁትን ለሬንጀር አሳዩ፤ የተገኘበት ቦታ ካልተበላሸ ስለዚያ ቀን ገና ብዙ የሚነግረን ነገር አለው።